ከተማ ድንኳን ሳለ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ሰው «ድንኳን ፈልጌ ነበር» ቢል መልሱ ጥያቄ ነው፤ «ለሰርግ ነው ለለቅሶ?» ሦስተኛ አማራጭ የለም። ድንኳን የዕድር ንብረት ነው። ከአግዳሚ ወንበሩ፣ ከትልልቁ ድስትና ከብርጭቆው ጋር ተቆጥሮ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ይፈረምበታል፣ ሲመለስ ይቆጠራል። ሰው ሲሞት ደጅ ላይ ይተከላል፤ ሐዘንተኛው ሲበተን ይነቀላል። ሰርግ ሲሆን ደግሞ ከአከራይ ዘንድ መጥቶ መብራት ይዞርበታል። ከዚህ ውጭ ድንኳን በጀርባው አዝሎ ከተማ ለቆ የሚወጣ ሰው ወይ ወታደር ነው ወይ ፈረንጅ።

ስለዚህ ሐይቅ ዳር አካባቢ የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው እናት፣ ልጃቸው ከአራት ጓደኞቹ ጋር ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ ሦስት ሌሊት በድንኳን ሊያድር ማሰቡን ሲነግራቸው «ምነው ልጄ፣ ቤት አጣህ እንዴ?» ቢሉት የሚያስገርም አይደለም።

«እማዬ፣ ለመዝናናት እኮ ነው!»

«ብርድ ላይ መተኛት መዝናናት ከሆነ፣ ስትቸገር ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

ይህቺ መልስ ታስቃለች። ግን ለሳቅ ብቻ የተወረወረች አይደለችም። እኚህ እናት ድንኳን ሲባል ዓይናቸው ላይ የሚመጣው በ1977 ዓ.ም. ኮረም ሜዳ ላይ የተዘረጋው ነው። ያንን ባያስታውሱ እንኳ በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀለው ሕዝብ፣ ከሐዋሳ በስተደቡብ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በሸራና በላስቲክ ሥር ክረምቱን መግፋቱን አልረሱትም። በእኛ አገር የአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ድንኳን የሐዘን፣ የስደትና የእርዳታ ስንዴ ምልክት ሆኗል። በዚህ ላይ «ለመዝናናት ነው» የሚል ልጅ ሲመጣ እናት ብትደነግጥ ማን ይፈርድባታል?

ይሁን እንጂ ነገሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ብናየው የድንኳን ባዕድ አይደለንም። እንዲያውም ከብዙ ሕዝብ ይልቅ ድንኳን የምናውቅ እኛ ነበርን። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ በየቀኑ ከአፋችን የሚወጡት ሁለት ቃላት ናቸው። አንዱ «ከተማ» ነው። ከተማ የመጣው «ከተመ» ከሚለው ግስ ሲሆን ከተመ ማለት ጉዞውን ገትቶ ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። በድሮው አነጋገር ከተማ የሚባለው ንጉሡ ወይም መስፍኑ ከነሠራዊቱ ያረፈበት ቦታ ነበር፤ ንጉሡ ሲነሳ ከተማውም አብሮ ይነሳል። ሁለተኛው ቃል «ሰፈር» ነው። ጎረምሶች ሲተዋወቁ «ሰፈርህ የት ነው?» ይባባላሉ። ቃሉን በጥንት ትርጉሙ ከወሰድነው የሚጠያየቁት «ድንኳንህን የተከልከው የት ነው?» እየተባባሉ ነው።

ይህን ስል አክሱምንና ላሊበላን የሠራን ሕዝብ «ቤት አያውቅም ነበር» ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1270 ከተመለሰ ጀምሮ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን እስኪቆረቁር ድረስ ባሉት ሦስት መቶ ከምናምን ዓመታት አገሪቱ ቋሚ መናገሻ ነበራት ለማለት ይቸግራል። ጂኦግራፈሩ ሮናልድ ሆርቫት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት እነዚህን መናገሻዎች «ተንከራታች ዋና ከተሞች» ብሎ ሰይሟቸዋል። «ተንከራታች» የሚለው ለጆሮ ትንሽ ይከብዳል፤ ቢሆንም ከእውነቱ አልራቀም።

ይህንን ተንቀሳቃሽ ከተማ በዝርዝር ጽፎ ያቆየልን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ምፅዋ ወርዶ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆይቷል፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። በዚያ ዘመን ንጉሡ አፄ ልብነ ድንግል ነበሩ። አልቫሬዝ እንዳየው በአገሩ ሁሉ ከ1,600 አባወራ የሚበልጥ ከተማ የለም፤ የሚያህለውም ጥቂት ነው፤ መንደሩ ግን ቁጥር የለውም። ያን ሁሉ መንደር የሚያስተዳድረው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ድንኳን ያለበት፣ በበቅሎ የሚጓዝ ቤተ መንግሥት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ድንኳን ነው። ሲነሱ ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው ደወል እየመቱ ይሄዳሉ። የፍርድ ድንኳን አለ፣ የማዕድ ቤት ድንኳን አለ፣ ከንጉሡ ድንኳን ራቅ ብሎ ገበያ አለ። ሰንሰለት ላይ ያሉ አንበሶች እንኳ የራሳቸው ቦታ ነበራቸው።

አልቫሬዝን በጣም የገረመው የድንኳኑ ብዛት አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ሜዳ ላይ ቢሰፍሩ እያንዳንዱ ሰው ከንጉሡ ድንኳን አንጻር የሚተክልበትን ቦታ ያውቃል። ቀኙም ቀኝ፣ ግራውም ግራ ነው። ማዕረጎቻችንም የተቀረጹት በዚሁ ነው። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደው፣ በፊት በኩል የሚሰፍረው ነው። ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ደጁን የያዘው። ዛሬ እነዚህን ስሞች የምናገኛቸው ከአያቶቻችን ስም ፊት ተለጥፈው ነው፤ ያኔ ግን አድራሻ ነበሩ። በጨለማ የደረሰ አሽከር የንጉሡን ድንኳን ካየ የጌታውን ድንኳን ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት ለማግኘት ስንት ጊዜ ስልክ እንደምንደውል የሚያውቅ ያውቀዋል።

አዲስ አበባም ራሷ የዚህ ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ ከአንኮበር ተነስተው፣ በብዙ ቦታ አርፈው፣ እንጦጦ ላይ ከተሙ። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ፍልውሃውን ለመታጠብ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ እየወረዱ በድንኳን ይሰነብቱ ነበር። ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠርተው ስሙን አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በለመዱት ደንብ በግቢው ዙሪያ ሰፈሩ። የራስ መኰንን፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። ድንኳኑ ተነቅሎ ጎጆ፣ ጎጆው ፈርሶ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ፈርሶ ፎቅ ሆነ፤ ስሙ ግን ካስማው በተመታበት ቦታ ቀርቷል።

ሐዋሳም ብትሆን ያው ናት፤ በሌላ መንገድ መጣች እንጂ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ በነበሩበት ጊዜ አካባቢ፣ የሲዳማ ከብት ሲግጥበት በኖረው የሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ይገኙበታል። ወታደር የቆረቆረው ከተማ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ምን ይደንቃል?

እስካሁን ያወራሁት የሚያኮራውን ነው። ድንኳን ይዞ ወደ ዱር ለመውጣት የሚያስብ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ግን ሁለተኛውን ገጽ ነው። ያ ሁሉ ድንኳን ምን ይበላ ነበር? በምንስ ያበስል ነበር?

በማገዶ እንጀምር። አሥር ሺህ ሰው የሰፈረበት ሜዳ በቀን ስንት ሸክም እንጨት እንደሚፈጅ ለማሰብ የሂሳብ ሊቅ መሆን አይጠይቅም። በመጀመሪያው ሳምንት እንጨቱ ከድንኳኑ ጀርባ ይለቀማል። በወሩ የአንድ ሰዓት መንገድ ይሆናል። ዓመት ከቆዩ ግማሽ ቀን። ከዚያ በኋላ ከእንጨቱ ጋር ከመሯሯጥ ከተማውን ማንሳት ይቀላል። መናገሻዎቻችን የተንከራተቱት ጦርነት ስለነበረ ብቻ፣ ግብር መሰብሰብ ስላስፈለገ ብቻ አልነበረም፤ የማገዶ ነገርም ነበረበት። እንጦጦ ተራቁታ አዲስ አበባ ተወለደች፤ አዲስ አበባም ተራቁታ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። ያንን ጉዞ ካስቆሙት ነገሮች ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ቆርጠኸው የሚያቆጠቁጠው ዛፍ በአጭር ጊዜ ደርሶ ከተማዋን ካለችበት ተከላት። የኢትዮጵያ መንግሥት ድንኳኑን ለመጨረሻ ጊዜ የነቀለው በአንድ የውጭ አገር ዛፍ ምክንያት ነው ብንል ብዙም አላጋነንንም።

ምግቡስ? እዚህ ላይ የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዘማቹ የራሱን ስንቅ ይዞ ይወጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ስንቁን የምታዘጋጀው፣ የምትሸከመው፣ ደርሳም የምትፈጨውና የምትጋግረው ሴት ናት። ስለ ዓድዋ ስናወራ ስለ ጎራዴው የምናወራውን ያህል ስለ ወፍጮው ባለማውራታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ የባለአገሩ ጎተራ አለ። ሠራዊት በሰፈረበት አገር ገበሬው ጎተራውን ብቻ ሳይሆን ከብቱንና አንዳንዴም የቤቱን ምሰሶ ለእሳት አጥቷል። መንገደኛው እንግዳም ቢሆን በንጉሡ ትእዛዝ ከመጣ «ድርጎ» ይሰፈርለታል፤ ሰፋሪው ገበሬው ነው። አልቫሬዝ ራሱ የእነሱ መሪ እህልና ተሸካሚ አላቀረባችሁም እያለ የመንደር ሰው ሲደበድብ ማየቱን ጽፏል። ቄሱ እንግዳ ነበርና በላ፤ ከበላ በኋላ ግን አልደበቀውም።

አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ በደመወዝ እንዲያድር እንጂ ባለአገሩን እንዳይዘርፍ ሞክረው ነበር፤ አልሆነላቸውም። አፄ ምኒልክም በክፉ ቀን ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ አሥራት የሚባለውን ግብር ሲያወጡ አንዱ ምክንያታቸው ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ መብላቱን ለማስቀረት ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲወጣ ዝሆን ሳይቀር ከሕንድ ጭኖ መጥቶ፣ ለእህሉና ለሳሩ በማሪያ ቴሬዛ ብር ይከፍል እንደነበር እናውቃለን። ይህን የምለው ወራሪን ለማመስገን አይደለም። ያገሬው ገበሬ ለሰፋሪ ጦር የሸጠበት ጊዜ ከሰጠበት ጊዜ እጅግ ያነሰ ስለነበረ፣ ክፍያው ራሱ ወሬ መሆኑን ለማሳየት ነው።

በአጭሩ የኛ ድንኳን ያረፈበትን ቦታ የሚበላ ድንኳን ነበር። በልቶ ሲጨርስ ይነሳል።

ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ሐሳብ ደግሞ የመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ «ይህ ቦታ አይበላም» ብሎ። በአገራችን ነገሩ በወጉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ዩኔስኮ በሰር ጁሊያን ሃክስሊ የሚመራ ቡድን ከላከ ወዲህ ነው። በዚያው ጊዜ ገደማ ኬንያ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ሌስሊ ብራውን ባሌን አይቶ፣ ለደጋ አጋዘኑ ሲባል ፓርክ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1969 አዋሽና ስሜን በአዋጅ ተከለሉ። ከዚያ አብያታ ሻላ፣ ነጭ ሳርና ሌሎቹ ተከተሉ። ለሐዋሳና ለሻሸመኔ ቅርብ የሆነው የሰንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያም የተቋቋመው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። አፈጻጸሙ ግን የለመድነውን መሰለ። አዋሽ ሲከለል ከረዩና አፋር የበጋ ግጦሻቸውን አጡ። ነጭ ሳር ላይ በኅዳር 1997 ዓ.ም. የጉጂዎች ቤት ተቃጠለ፤ በጊዜው ፓርኩን ሊያስተዳድር የመጣው የውጭ ድርጅትም ብዙ ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ስሜን ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የድሮው ድንኳን የገበሬውን እህል በልቶ መሬቱን ይተውለት ነበር፤ ፓርኩ እህሉን አልነካም፣ መሬቱን ነው የወሰደው። ሕዝቡም በበኩሉ ለፓርክ ያለውን ስሜት መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አሳይቷል። በ1983 ዓ.ም. በየፓርኩ የጥበቃ ሰፈሩ ተዘረፈ፣ አውሬው ተገደለ፤ የሰንቀሌ ቆርኬዎችም ከዚያ አላመለጡም። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አብያታ ሻላ አጠገብ ሲያልፍ መስኮቱን ከፍቶ ቢያይ የመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ የተደረደረበት ነው። ያ ከሰል ግራር ነበር። ገዢው ደግሞ ከተሜው ነው፤ ማለትም እኛ።

እንግዲህ አምስቱ የሐዋሳ ልጆች ዕቅዳቸውን ሲያወጡ በዚህ ሁሉ ታሪክ ላይ ነው ካስማ የሚመቱት። መጀመሪያ አብያታ ሻላ ይሻላል ብለው ነበር፤ ቅርብ ነው። ግን በቅርቡ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ሌሊት በከዋክብት ሥር ለማደር ባሌ ይበልጣል ብለው ወሰኑ። ባሌ ተራሮች ከ2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ፓርክ ነው። መንገዱ ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ያደርሳል። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ የዘመናችን ሐቅ ነው።

መብራት፣ ውሃ፣ መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ለማደር ሲታቀድ ሁሉም ስለ ጅብና ስለ ነብር ይጠይቃል። ሰውን የሚጥለው ግን ብርዱና ከፍታው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር። ጠዋት ሐዋሳ ዓሣ ሾርባ ጠጥቶ ማታ ሳነቴ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ሌሊቱን ራሱን ይዞ ሲያቃስት ያድራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ማደር፣ በማግስቱ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀኑ ያምራል፤ ሌሊቱ ግን ውሃ ያረጋል። ለሰርግ የሚከራየው ድንኳን እዚህ አይሠራም። ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውን ብርድ የሚከለክል ምንጣፍ ከሌለ ብርድ ልብስ መደራረቡ ዋጋ የለውም። ጋቢ? ጋቢ ደህና ነው፤ ከረጠበ ግን ራሱ ሸክም ነው።

ማገዶን በሚመለከት ክርክር ነበረ። ከልጆቹ አንዱ «እሳት ዙሪያ ካልተቀመጥን ምኑን ካምፕ ሆነ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ለኛ ሰው እሳት ወሬ ነው። ነገር ግን ሳነቴ ላይ ያለው ጅብራና ከሥሩ ያለው አስታ በዚያ ብርድ ውስጥ የሚያድገው በጣም ቀስ ብሎ ነው። አንድ ማታ ቡና ለማፍላት የሚቆረጠው ግንድ ከቆራጩ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የባሌን ደን ያነደደውን ሰደድ እሳትም የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ስለዚህ በላምባ የሚሠራ ቡታጋዝ ከሐዋሳ ይዞ መሄድ ተወሰነ። እሳት ያለው ባለ ወሬውም በመጨረሻ ተስማማ፤ ላምባውን አንተ ትሸከማለህ ስለተባለ ግን አሁንም ያጉረመርማል።

ስንቁ ቀላል ነው፤ ቅድመ አያቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ ምጣድ አይፈልግም፤ ቋንጣ አይበላሽም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ የሲዳማ ዋሳ አለ፤ በኮባ ተጠቅልሎ መንገድ ይችላል። ዶዶላ ላይ ቆሞ ጭኮ መግዛት ይቻላል። ጭኮ የተቆላ ገብስና ቅቤ ነው፤ ለብርድ አገር የተፈጠረ ነው። ትርፉን ግን ድንኳኑ ደጅ መጣል አይቻልም። ፍርፋሪ ውሻ ይጠራል፤ ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮ ሞት ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 የማይሞሉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት ባሌ ነው። ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የፈጃቸው አዳኝ አይደለም፤ ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በአንድ ወረርሽኝ ሸለቆው ግማሹን ሊያጣ ይችላል። የበሉበትን ላስቲክና ቆርቆሮ እንደ ገና ተሸክሞ መውረድ ለጽዳት ብቻ ተብሎ የወጣ ደንብ አይደለም።

እዚያ ሲደርሱ ባዶ አገር አይጠብቃቸውም። የባሌ ኦሮሞ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው፤ ከብቱን እንደ ወቅቱ ወደ ደጋው ግጦሽ፣ በደረቁ ወራት ደግሞ ወደ ሐረና ጫካ እያዘዋወረ ያሰማራል። በሄደበት ጊዜያዊ ጎጆ ይቀልሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ትቶት ይወርዳል። በዚህ አገር ከቤት ርቆ፣ በትንሽ ዕቃ፣ ብርድና ዝናብ እያወቀ የማደር ዕውቀት ያለው ማን ነው ከተባለ እሱ ነው። ጎጆው ፓርኩ ውስጥ የሆነው ፓርኩ በላዩ ስለተከለለ ነው። ዛሬ የከብቱም የሰፋሪውም ቁጥር በዝቶ ግጦሹ መጎዳቱን አልክድም፤ የቀበሮዎቹ ጉዳይም ከዚሁ የተያያዘ ነው። ይህ በፓርኩና በነዋሪው መካከል ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። ሦስት ሌሊት ሊያድር የመጣ የሐዋሳ ልጅ አይፈታውም። ቢያንስ ግን እረኛውን «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ አይጠይቀውም።

ዲንሾ ላይ መግቢያው ይከፈላል፣ ስካውት ይመደባል፣ ፈረስና ፈረስ መሪ ከአካባቢው ሰው ይከራያል። ራፉ ወይም ገርባ ጉራቻ ድረስ ድንኳኑንና ላምባውን የሚያደርሰው ፈረሱ ነው። እዚህ ላይ የድርጎው ታሪክ ተገልብጦ ይመጣል። ስካውቱና ፈረስ መሪው ከእነሱ ጋር ይወጣሉ፣ በእነሱ ብርድ ያድራሉ፤ «የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ» ተብሎ የሚታለፉ ሰዎች አይደሉም። ልጆቹ የስንቁን ዝርዝር ሲጽፉ ከላይ «5 ሰው» ብለው ነበር። አሁን ተሰርዞ «7» ተብሏል፤ ብርድ ልብሱም ሰባት ሆኗል። ለቋንጣው የሚበቃው ሥጋ ግን ገና አልተገዛም።